አንዱ ላይ ሙጭጭ ያለው ፒሪዲን ሌላው ላይ ለምን ይለቃል?

ነጭ ዱቄት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው ሲሊካ ላይ በተተከለ ታይታኒየም ላይ ነው። ከአንድ ዕቃ የወጣ ሲሊካ ለሁለት ከፈልኩ። የገጽ ስፋቱ በግራም 200 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ቫክዩም ውስጥ በ200 ዲግሪ፣ ሌላውን በ700 ዲግሪ አደረቅኩት። የመጀመሪያውን «ሀ»፣ ሁለተኛውን «ለ» እንበላቸው። ከዚያ ሁለቱንም ደረቅ ቶሉይን ውስጥ ከታይታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድ ጋር አገናኘሁ፣ አጠብኩ፣ አየር ውስጥ በ500 ዲግሪ አቃጠልኩ። ሁለቱም ላይ የቀረው ታይታኒየም በክብደት 1 ከመቶ አካባቢ ነው። ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መልካቸውም አንድ ነው፤ ዕቃው ላይ ካልጻፍኩበት እኔ ራሴ አልለያቸውም።

ፒሪዲን (በናይትሮጅኑ አሲድ ላይ የሚጣበቅ ሞለኪውል) አስገብቼ በኢንፍራሬድ ሳያቸው መጀመሪያ ላይ ይመሳሰላሉ። ግን በ150 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ቫክዩም ስስብባቸው መንገዳቸው ይለያያል። «ሀ» ላይ 1446 (cm⁻¹) ላይ ያለው ፒክ በደንብ ይቀራል። «ለ» ላይ ግን ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ሲሊካ ሳስደርቅ እንደ አዲስ ጀምሬ ደግሜዋለሁ፣ ያው ነው።

አማካሪዬ «ታይታኒየም ታይታኒየም ነው፣ መጠኑ እኩል ከሆነ አድሶርፕሽኑም (ገጹ ላይ የሚያዘውም) እኩል መሆን አለበት፤ የመለኪያ ችግር ነው» ይሉኛል። ዩቪ ለክቻለሁ። ሁለቱም 230 ናኖሜትር አካባቢ ነው የሚያሳዩት፣ 320 አካባቢ ምንም የለም። ስለዚህ አናቴዝ (የታይታኒየም ኦክሳይድ ክሪስታል) የሆነ ክምችት አልተፈጠረም ብዬ አስባለሁ።

የሳይቱ፣ ማለትም ታይታኒየሙ የተተከለበት ቦታ፣ ቅርጽ ብቻውን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ካመጣስ በምን መንገድ ነው?

ቆራጩ

1446ን እርሺው። ሲላኖል (የሲሊካው ኦኤች) ላይ በሃይድሮጅን ቦንድ የተንጠለጠለ ፒሪዲንም እዚያው ቦታ ፒክ አለው፣ ስለዚህ ማን እንደሆነ አይነግርሽም። 1596ን እና 1605ን ለይተሽ እዪ። 1596 ሲላኖል ላይ ያለው ነው፣ 1605 ደግሞ ታይታኒየም ላይ ያረፈው። 1545 አካባቢስ የሆነ ነገር አለ? እዚያ ካለ ብሮንስተድ (ፕሮቶን የሚሰጥ) አሲድ አለሽ ማለት ነው፣ ወሬው ሌላ ይሆናል።

ነጭ ዱቄት

1545 ባዶ ነው። አሁን ፋይሎቹን ከፍቼ አየኋቸው። ከ150 ዲግሪ በኋላ 1596 ሁለቱም ላይ የለም። 1605 «ሀ» ላይ አለ፣ «ለ» ላይ እንደ ጥላ ነው የሚታየው። አመሰግናለሁ፣ ይህ ራሱ ብዙ ነገር አጠራልኝ።

ሽበቱ

ልጄ፣ ይህ የመለኪያ ችግር አይደለም። አማካሪሽ በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ ታይታኒየም አተሙ ያው ነው። የሚለያየው ያረፈበት አልጋ ነው፣ ፒሪዲኑ የሚያውቀውም እሱን ነው።

ከሲሊካው እንጀምር። ሙሉ በሙሉ ሃይድሮክሲል የለበሰ ሲሊካ ላይ በአንድ ካሬ ናኖሜትር ከ4.6 እስከ 4.9 የሚሆን ኦኤች አለ። ይህ ከአንዱ ሲሊካ ወደ ሌላው ብዙም የማይለዋወጥ ቁጥር ነው፤ ዙራቭሌቭ የሚባለው ሩሲያዊ በብዙ ናሙና ላይ ስላሳየው በስሙ ይጠራል። 200 ዲግሪ ቫክዩም የሚያስወጣው ተለጥፎ የነበረውን ውሃ እንጂ ኦኤቹን አይደለም። ወደ 700 ስትወጪ ግን ቁጥሩ 1.2 አካባቢ ይደርሳል። ያኔ የቀረው እያንዳንዱ ሲላኖል ብቻውን የቆመ ነው፣ ጎረቤት የለውም። በኢንፍራሬድ 3747 ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሹል ፒክ እሱ ነው።

ታይታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሲያርፍ የሚይዘው በአቅራቢያው ያገኘውን ኦኤች ነው። «ሀ» ላይ ሁለት ሦስት ጎረቤት ስላለ በሁለት ወይም በሦስት እግር ይተከላል። «ለ» ላይ አብዛኛው በአንድ እግር ይቆማል። ቀሪው እጁ ላይ አይሶፕሮፖክሲው አለ፣ ሲቃጠል ደግሞ ኦኤች ይተካዋል። ያንቺ ሁለት ዱቄቶች መልካቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው የተለያየው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ አድሶርፕሽኑ። ታይታኒየሙ በአራት ኦክስጅን ተከቦ ቴትራሄድራል ቅርጽ ይዟል። ፒሪዲን አምስተኛ ሆኖ ሊገባ ይመጣል። ሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ተቀምጦ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ አምስተኛውን ሲያስገባ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። አምስተኛው የሚቀመጠው አራቱ ከተጠጋጉ ነው፤ መጠጋጋቱ ደግሞ በነጻ አይደለም። ከፒሪዲኑ ናይትሮጅን ጋር በሚፈጠረው ቦንድ የሚገኘው ኃይል አለ። አራቱ ኦክስጅኖች ማዕዘናቸውን ቀይረው ቦታ ለመልቀቅ የሚከፈለው ኃይልም አለ። አንቺ የምትለኪው ከሁለቱ ተቀናንሶ የቀረውን ነው።

ይህ ግምት አይደለም፣ በዓይን የታየ ነው። ቲኤስ-1 የሚባለውን ታይታኒየም ሲሊካላይት እዪ። ጣሊያኖቹ ናቸው የሠሩት፣ የአሜሪካ ፓተንቱ በ1983 ወጣ። ደረቅ ሲሆን የታይታኒየምና የኦክስጅን ርቀቱ 1.79 አንግስትሮም ገደማ ነው። አሞኒያ ወይም ውሃ ሲቀርበው ይህ ርቀት ወደ 1.84 አካባቢ ይረዝማል። በኤክስሬይ አብሶርፕሽን ላይ የቴትራሄድራል ምልክት የሆነው ከጠርዙ በፊት የሚታየው ሹል ፒክም በጣም ያጥራል። አሞኒያውን ነቅለሽ ስታወጪ ይመለሳል። ሳይቱ እንግዳ ሲመጣ ቅርጹን ይቀይራል ማለት ነው። ጥያቄው ለመቀየር ምን ያህል ይከብደዋል ነው፤ ያ ደግሞ በእግሮቹ ብዛትና አቀማመጥ ይወሰናል።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ይጋጫሉ። ብዙ ጊዜ ተማሪዎች አንዱን ብቻ ይዘው ስለሚሄዱ ነው ላስረዝመው የፈለግሁት።

አንደኛው ኤሌክትሮን ነው። ሲሎክሲ እግር (ከሲሊካው ጋር በኦክስጅን የሚያያዘው) ከኦኤች ወይም ከአልኮክሲ የበለጠ ኤሌክትሮን ከታይታኒየሙ ይስባል። ስለዚህ ሦስት እግር ያለው ታይታኒየም ከአንድ እግሩ የበለጠ የተራበ ነው፣ ጠንካራ ሉዊስ አሲድ (ኤሌክትሮን ተቀባይ) ነው። ይህ ያንቺን «ሀ» ይደግፋል።

ሁለተኛው ግትርነት ነው። ሦስቱም እግሮች ሲሊካው ውስጥ የተቀበሩ ናቸው፤ እንደ ልብ አይንቀሳቀሱም። አንድ እግሩ ግን ሦስት ነጻ ኦኤች ስላለው እንደፈለገ ይታጠፋል። በዚህ ብቻ ብንሄድ «ለ» ነበር ማሸነፍ ያለበት። ታዲያ ለምን አላሸነፈም? ሦስት እግር ያለው ሳይት ብዙ ጊዜ እግሮቹን ወደ ኋላ ስለሚጎትት ነው። ሦስቱ ኦክስጅኖች ወደ ሲሊካው ተስበው በላይ በኩል ክፍት ፊት ይቀራል። ቅርጹ ገና ሞለኪውሉ ሳይመጣ ወደ አምስት ጎረቤት ግማሽ መንገድ ሄዷል። ዋጋው አስቀድሞ የተከፈለው ገና ካታሊስቱ ሲሠራ ነው፣ ፒሪዲኑ ሲመጣ የሚቀረው ትንሽ ነው።

አራት እግር ያለው ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው። አራቱም ወገን ሲሊካ ከሆነ፣ ቅርጹም ፍጹም ቴትራሄድራል ከሆነ፣ ኤሌክትሮን ቢራብም ፊቱ ዝግ ነው። ስለዚህ «ብዙ እግር የተሻለ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። ሲልሴስኪዮክሳን በሚባሉት የሲሊካ ቁራጭ መሳይ ሞለኪውሎች ላይ በ1990ዎቹ የተሠራው ሥራ ይህንን ነው ያሳየው፤ በኤፖክሲዴሽን (ድርብ ቦንድ ላይ ኦክስጅን በመጨመር) ሦስት እግር ያላቸው ታይታኒየሞች ከአንድና ከሁለት እግሮቹ በጣም ይፈጥኑ ነበር።

አሁን የሚቆጠቁጥሽን ልንገርሽ። 1 ከመቶ ታይታኒየም በግራም 0.21 ሚሊሞል ነው። በ200 ካሬ ሜትር ስታካፍዪው በካሬ ናኖሜትር 0.63 ታይታኒየም ይመጣል። «ለ» ላይ ያለሽ ኦኤች 1.2 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሹን ኦኤች ተጠቅመሻል። እንዲያ በተጨናነቀ ቁጥር ታይታኒየሞቹ እርስ በርስ በኦክስጅን ድልድይ ሊያያዙ ይችላሉ። ይህ አይሶፕሮፖክሳይድ በተለይ ይህን ይወዳል፤ ሲሊካ ላይ ሁለት ሁለት እየሆነ እንደሚቀመጥ በ1999 ታይቷል። በዚያ ላይ 500 ዲግሪ አቃጥለሽዋል። በ500 ዲግሪ ሁሉም ነገር ይነቃነቃል፤ አንድ እግሩ የነበረው አጠገቡ ያለውን የተወጠረ ሲሎክሳን (የሲሊከን-ኦክስጅን-ሲሊከን ድልድይ) ከፍቶ ሁለተኛ እግር ሊያበቅል ይችላል። ስለዚህ «ለ» ንጹሕ አንድ እግር ነው ብለሽ እንዳትምዪ።

ዩቪሽን ደግሞ ክፍት አየር ላይ ነው የለካሽው፣ ልክ ነኝ? በአዲስ አበባ ክረምት ክፍት አየር ላይ የተለካ ዩቪ ስለ ሳይቱ ሳይሆን ስለ ዝናቡ ነው የሚያወራው። ደረቅ ለብቻው የቆመ ታይታኒየም 210 ናኖሜትር አካባቢ ነው የሚውጠው። ውሃ ሲጠጣ ወደ 230፣ 240 ይሄዳል። ሁለቱም 230 መሆናቸው ሁለቱም ውሃ እንደጠጡ እንጂ አንድ ዓይነት እንደሆኑ አያሳይም።

ነጭ ዱቄት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ክፍት አየር ላይ ነው የለካሁት። እኛ ጋ የሚዘጋ የዩቪ ሴል የለም። ኤክስሬይ አብሶርፕሽንማ ስሙን ነው የምናውቀው። ከዚህ ባለኝ ኢንፍራሬድ ብቻ «ሀ ላይ ያለው ሦስት እግር ነው» ብዬ ቴሲሴ ላይ ብጽፍ ያስኬደኛል?

ሽበቱ

አያስኬድም። ፈታኙ «አየሽው ወይ?» ይልሻል። «በሁለቱ ናሙናዎች መካከል የፒሪዲን ጥንካሬ ይለያያል፣ ይህም ከሲላኖል ብዛት ጋር ከሚመጣው የሳይት ቅርጽ ልዩነት ጋር ይስማማል» በዪ። ያ የማንም እጅ የማይነካው ዓረፍተ ነገር ነው።

ለዩቪው ሴል አትግዢ። የኳርትዝ ቱቦ በመስታወት ሠሪ አስዘግተሽ፣ ቫክዩም መስመርሽ ላይ አድርቀሽ፣ ሳትከፍቺው መለካት ይቻላል። ለኤክስሬዩ ደግሞ ዮርዳኖስ ውስጥ ሴሳሚ የሚባል ሲንክሮትሮን አለ፤ በ2017 ነው የተመረቀው፣ የኤክስሬይ አብሶርፕሽን መስመርም አለው። የታይታኒየም ጠርዝ 4966 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው፣ ዝቅ ያለ ኃይል ነው። ማመልከቻ ከመጻፍሽ በፊት መስመሩ እዚያ ድረስ በደንብ ይወርድ እንደሆነ ኢሜይል ጻፊላቸው።

ስሌተኛው

እህቴ፣ ጋሼ የተናገሩትን በቁጥር ላግዝሽ። «150 ዲግሪ ላይ ቀረ» ማለት ምን ያህል ጥንካሬ ማለት እንደሆነ በእጅ ማስላት ይቻላል።

ሞለኪውሉ በሰከንድ 10 በ13 (10¹³) ጊዜ ለመውጣት ይሞክራል ብለን እንነሳ። ግማሽ ሰዓት 1800 ሰከንድ ነው። ከዚያ ሲሰላ በ150 ዲግሪ የሚለቀው የመለቀቂያ ኃይሉ ከ132 ኪሎጁል በሞል በታች የሆነው ነው። በ100 ዲግሪ ድንበሩ 116 አካባቢ ነው። በ200 ዲግሪ 147። በየ50 ዲግሪው ድንበሩ ወደ 15 ኪሎጁል ይራመዳል ማለት ነው።

እንግዲህ ተመልከቺ። «ሀ»ና «ለ» የሚለያዩት በ15 ኪሎጁል ብቻ ቢሆን እንኳ ያንቺ ሙከራ አንዱን «ሙሉ»፣ ሌላውን «ባዶ» አድርጎ ያሳይሻል። ትልቅ የመሰለሽ ልዩነት በኃይል ሲለካ ትንሽ ነው። አንድ ማዕዘን በጥቂት ዲግሪ ብትታጠፍ ይህን ያህል መምጣቱ አይገርምም። ፒሪዲን ገጹ ላይ ነጻነቱን የሚያጣ ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ የሙከራ ቁጥሩ ከ10 በ13 በላይ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ኃይሎቹ ሁሉ አብረው ከፍ ይላሉ፣ ክፍተቱ ግን ብዙም አይለወጥም። ወፍራም ፔሌት (ለመለካት የተጨመቀ ዱቄት) ከሆነ ደግሞ የወጣው ሞለኪውል ሌላ ሳይት ላይ እንደገና ይያዛል፣ ከእውነቱ የጠነከረ ይመስላል። ስለዚህ የሁለቱ ፔሌት ክብደት እኩል ይሁን።

ዲኤፍቲ (በኮምፒውተር የሚሠራ የኳንተም ስሌት) ለመሥራት ካሰብሽ አንድ ማስጠንቀቂያ። ትንሽ የሲሊካ ቁራጭ ወስደሽ፣ ጫፎቹን በሃይድሮጅን ዘግተሽ፣ ሁሉንም አተም ነጻ ከለቀቅሽው ሳይቱ ተዝናንቶ ወደሚመቸው ቅርጽ ይሄዳል። ያኔ ሁለት እግሩም ሦስት እግሩም ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጡሻል፣ «ቅርጽ ለውጥ አያመጣም» ብለሽ ትደመድሚያለሽ። እውነተኛው ሲሊካ ግን እግሮቹን ጠፍሮ ይይዛል። ዳር ያሉትን አተሞች በቦታቸው አስረሽ፣ እግሮቹን ትንሽ እያራራቅሽና እያቀራረብሽ ደጋግመሽ አስሊ። ከእያንዳንዱ ላይ ሁለት ቁጥር አውጪ፤ ሳይቱ ፒሪዲኑ ሳይኖር ወደ ታጠፈው ቅርጽ ለመሄድ የሚከፍለውን፣ እና ከታጠፈ በኋላ ከፒሪዲኑ ጋር የሚያገኘውን። ጋሼ «መጠጋጋት» ያሉት የመጀመሪያው ነው። በእኔ ልምድ ከሳይት ሳይት የሚለዋወጠው በብዛት እሱ ነው፣ ሁለተኛው ብዙም አይንቀሳቀስም።

ሲሊካ አሞርፈስ መሆኑንም አትርሺ። «ሀ» አንድ ሳይት አይደለም፣ የሳይቶች ሕዝብ ነው። ጠንካሮቹ መጀመሪያ ይሞላሉ፣ መጨረሻ ይለቃሉ። በ150 ዲግሪ ብቻ ማየት የሕዝቡን አንድ ቁራጭ ማየት ነው። ከ50 እስከ 250 በየ50 ዲግሪው ሂጂና ሁለቱን መስመሮች አንድ ግራፍ ላይ አስቀምጪያቸው።

የፋብሪካ ሰው

እኔ ቤልጅየም ነው የምሠራው፣ ከኬሚካል ፋብሪካዎች ጋር። ይህ ወሬ ላቦራቶሪ ብቻ ውስጥ ያለ እንዳይመስላችሁ።

ፕሮፒሊን ኦክሳይድ የሚሠራበት የሼል መንገድ አለ፤ ካታሊስቱ ልክ እንዳንቺው ሲሊካ ላይ የተጫነ ታይታኒየም ነው። ኦክስጅኑን የሚያመጣው ኤቲልቤንዚን ሃይድሮፐሮክሳይድ ነው። ካታሊስቱ ታይታኒየም ከተጫነበት በኋላ በሄክሳሜቲልዳይሲላዛን ዓይነት ነገር ይታከማል፤ የቀረው ሲላኖል በሜቲል ይሸፈናል። ለምን? ሲላኖሎቹ ውሃና አልኮል ሰብስበው ታይታኒየሙ አጠገብ ያቆማሉ፣ ፕሮፒሊኑና ፐሮክሳይዱ ቦታ ያጣሉ። ሳይቱ ቅርጹ ቢያምርም ሰፈሩ በውሃ ከተጥለቀለቀ ምንም አይሠራም።

በውሃ የተበጠበጠ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ስትጠቀሚ ደግሞ እንዲህ ያለው ካታሊስት አይችለውም፤ ውሃው ታይታኒየሙን ይይዘዋል፣ ቀስ በቀስም ነቅሎ ያወጣዋል። እዚያ የሚገባው ቲኤስ-1 ነው። 5.5 አንግስትሮም ገደማ የሆነው ጠባብ ቀዳዳው ውሃ የሚጠላ ስለሆነ ይችለዋል። በ2008 እዚህ አንትወርፕ ላይ የኬሚካል ኩባንያዎቹ ባስፍና ዳው በዚህ መንገድ በዓመት 300,000 ቶን ፕሮፒሊን ኦክሳይድ የሚያወጣ ፋብሪካ አቁመዋል።

እና ስለ ቲኤስ-1 ራሱ፣ «ለብቻው የቆመ አንድ ታይታኒየም ነው የሚሠራው» የሚለው ለዓመታት እንደ ሃይማኖት ነበር። በ2020 ኔቸር ላይ የወጣ ሥራ ግን በኦክስጅን-17 ኤንኤምአር ተነስቶ ሁለት ታይታኒየሞች ተጎራብተው የሚሠሩበት ሳይት ነው ይላል። ክርክሩ አላለቀም። ጋሼ ስለ ድልድዩ የተናገሩትን እንደ ጉድለት ብቻ አትይው ለማለት ነው።

ቆራጩ

እኔ ደግሞ ፒሪዲንን ብቻ አትመኚ እላለሁ። ወፍራም ሞለኪውል ነው፤ ደከመብኝ ያልሽው ቦታ ጠቦት ሊሆን ይችላል። ቀጭንና ቀጥ ያለ ነገር ሞክሪ፤ ዲውተሬትድ (ሃይድሮጅኑ በከባዱ ሃይድሮጅን የተተካ) አሴቶናይትራይል። 2304 አካባቢ ታይታኒየም ላይ ያለው፣ 2275 አካባቢ ሲላኖል ላይ ያለው። እንደ ፒሪዲን አይደራረቡም። አሴቶናይትራይል በሁለቱም እኩል ከያዘና ፒሪዲን ካልያዘ ችግሩ ቦታ ማጣት ነው። ሁለቱም «ለ» ላይ ከደከሙ የሳይቱ ጉዳይ ነው።

ነጭ ዱቄት

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዲውተሬትዱ ለኤንኤምአር የተገዛ ትንሽ ጠርሙስ አለን፣ እለምናለሁ። እና አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጋሼ። እስካሁን ፔሌቱን የምሠራው ዱቄቱን ከኬቢአር (ፖታሲየም ብሮማይድ) ጋር ፈጭቼ ነው። በየ50 ዲግሪው ስሄድ እንደዚያው ልቀጥል?

ሽበቱ

ኧረ በፍጹም! ኬቢአር ውሃ ይጠጣል፣ ስታሞቂው መልሶ ካታሊስቱ ላይ ይተፋዋል። ውሃው ደግሞ ያንኑ አምስተኛ ቦታ ነው የሚይዘው። ዱቄቱን ብቻውን ስስ አድርገሽ ጨምቂው፤ በካሬ ሴንቲሜትር ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይበቃል። ግፊቱን አታብዢ፣ ይሰነጠቅብሻል። መጀመሪያ በ400 ዲግሪ ቫክዩም ውስጥ አድርቂውና የባዶውን ስፔክትረም ውሰጂ። 3747ን እያየሽ ቆዪ፤ ፒሪዲን ስታስገቢ የሚጠፋውና ስትስቢ የሚመለሰው እሱ ነው። እሱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ 1605 ከቀረ፣ የቀረው ፒሪዲን ታይታኒየሙ ላይ ነው።

የ«ለ»ን ፔሌት ከ«ሀ» ጋር በአንድ ቀን ሥሪ። የቫክዩም ፓምፑ ዘይትም ይቀየር፣ ፒሪዲን የጠጣ ዘይት መልሶ ይተፋል።